ችፌና የአደይ ወራት



ዛሬ የማነሳው ገና ያልደረሰብንን ችግር ነው። መስከረም ነው፤ ሜዳው ለምለም ነው፤ ችፌ ያለባቸው ልጆቻችሁም ቆዳቸው ሰሞኑን ደህና ይሆናል። ቀጥሎ የሚመጣውን ግን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ልጁ ማታ ማታ ክርኑን ማከክ ይጀምራል። ኅዳር ሲገባ የጉልበቱ መታጠፊያ ይሻክራል፣ ይሰነጠቃል፤ ጠዋት አንሶላው ላይ የደም ነጠብጣብ ይታያል፤ ቤተሰቡ በሙሉ እንቅልፍ ያጣል። ወደ ፋርማሲ የሚሮጠው ያኔ ነው። እኔ የምለምናችሁ ሥራውን ዛሬ፣ ቆዳው ሳይቆጣ፣ በእርጋታ እንድትጀምሩት ነው። ልጁ ካላከከ ችግር የለም ብሎ ቅባቱን በክረምት መተው፣ ሲያክ ደግሞ ያገኙትን ሁሉ መቀባት፣ በየዓመቱ ተመልሰን የምንወድቅበት ጉድጓድ ሆኗል።

ለምን በዚህ ወቅት? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በሐምሌና በነሐሴ በየወሩ በአማካይ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባታል፤ በኅዳር ግን 20 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። አየሩ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከእርጥብ ወደ ደረቅ ይዞራል። ቀን ፀሐዩ ይከራል፤ ሌሊት ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ከምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስም እርጥበት አይዝም። ጤነኛ ቆዳ ያለን ሰዎች እንኳ ከንፈራችን ይሰነጠቃል፣ እግራችን አመድ ይመስላል። ችፌ ያለበት ሰው ቆዳ ደግሞ መጀመሪያውኑ ውሃ መያዝ ያቃተው ነው።

የቆዳችን የላይኛው ሽፋን ከደረቁ ሕዋሳትና እነሱን ከሚያያይዝ ቅባት የተሠራ ነው። ያ ቅባት እንደ ጭቃ ቤት ምርጊት ነው፤ ሲረግፍ የውስጡ ይወጣል፣ የውጭው ይገባል። ውሃው ተኖ ያልቃል፤ አቧራው፣ ሳሙናው፣ የአበባ ብናኙ፣ ጀርሙ በስንጥቁ ይገባል፤ የሰውነት መከላከያ ይቆጣል፤ ቁጣው ያሳክካል፤ ማከኩ ደግሞ የተረፈውን ሽፋን ያፈርሰዋል። ችፌ ማለት ይህ ዙር ነው። የደም መበከል አይደለም። የእናት ጥፋት አይደለም። አይተላለፍምም፤ አጠገቡ የሚቀመጥ የክፍል ጓደኛው አይያዝም፤ ይህንን ለመምህራን ሁሉ ብትነግሩልኝ ደስ ይለኛል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ሐኪሞች ሥራ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2006 ስኮትላንድ በዳንዲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ፊላግሪን የተባለውን የቆዳ ፕሮቲን የሚያጓድሉ የዘር ለውጦች ለችፌ እንደሚያጋልጡ ደረሱበት፤ በአውሮፓ ከባድ ችፌ ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ እነዚህን ለውጦች ይዘው ይገኛሉ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከስዊድኑ ካሮሊንስካ ተቋም ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ይህንኑ በኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ላይ መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ውጤት በአውሮፓ የታወቁት ለውጦች በእኛ ሰዎች ላይ እንዳልተገኙ፣ አንድ አዲስ ለውጥ ብቻ እንደታየ ይናገራል። ቀደም ብሎም በጅማ አካባቢ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት በእንግሊዝ አገር ችፌን ለመለየት የሚሠራበት መጠይቅ ለእኛ ልጆች በሚገባ እንደማይሠራ አሳይቷል። እነዚህ ሥራዎች ትልቅ ነገር ያስተምሩኛል። የእኛ ሰው ችፌ በእኛው አገር፣ በእኛው አየርና ቆዳ ላይ መታየት አለበት። ከመጽሐፍ የተገለበጠ ዕውቀት ግማሹን መንገድ ብቻ ነው የሚያደርሰን።

ለምሳሌ መጽሐፉ ችፌ ቀይ ነው ይላል። በጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ ብዙ ጊዜ አይታይም። የሚታየው መጥቆር፣ ወደ ግራጫ ወይም ወደ ሐምራዊ መሄድ፣ ሲዳሰስ ደግሞ እንደ ጥሩ አሸዋ የሚሻክሩ ትናንሽ ነጥቦች ናቸው። ስለዚህ እናት ከዓይኗ ይልቅ በመዳፏ ብታምን ይሻላታል፤ ማታ ማታ የክርንና የጉልበት መታጠፊያውን፣ አንገቱን፣ የእጅ አንጓውን ዳስሱ። ትኩስና ሻካራ ከሆነ መቆጣት ጀምሯል።

ሌላው ጠባሳው ነው። ችፌው ከዳነ በኋላ ቦታው ለወራት ይጠቁራል ወይም ይነጣል። በተለይ ጉንጭ ላይ የሚወጣው ነጣ ያለ ክብ ብዙ ቤተሰብ ያስደነግጣል። «ለምጽ ነው» ይባላል፤ ወይም «ሐኪሙ ያዘዘው ቅባት አነጣው» ተብሎ መድኃኒቱ ይጣላል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አይደለም፤ ቁጣው ትቶት የሄደው ጥላ ነው፤ ቁጣው ካልተመለሰ ቀለሙ በራሱ ቀስ እያለ ይመለሳል። የጠቆረውን ለማጥፋት ተብሎ ማንጫ ክሬም ልጅ ፊት ላይ ሲቀባ ሳይ ግን ልቤ ይደማል።

አሁን ወደ ሜዳው እንውጣ። በመስከረም ሳሩ ያብባል፤ አደይ አበባ ከአያት ማዶ እስከ ለገጣፎ መስኩን ያለብሰዋል። ለበዓል ቤቱ ውስጥ ለምለም ሳር ይጎዘጎዛል፤ ልጆች እንግጫና አበባ ታቅፈው በየደጁ ይዘምራሉ። ይህን ደስታ ከማንም ልጅ አልነጥቅም። ግን ትኩስ የታጨደ ሳር ችፌ ያለበትን ቆዳ ይቧጥጣል፣ ያሳክካል፤ ልጁ ሳሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት እግሩን በቫዝሊን ቀብታችሁ ረዘም ያለ የጥጥ ሱሪ አልብሱት፤ ሲገባም እጅና እግሩን እጠቡለት፣ ልብሱን ቀይሩለት። አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ ደግሞ አለኝ። ቫዝሊን የጠጣ ልብስ እሳት ሲነካው በፍጥነት ይያያዛል። ደመራ ዙሪያ፣ ችቦ አጠገብ፣ ከሰል ምድጃ ሥር እንዲህ ያለ ልብስ የለበሰ ልጅ አይጠጋ። በቅባት የሚኖር ልጅ ልብስና አንሶላ ቶሎ ቶሎ ይታጠብ።

አዋቂዎች ላይ ደግሞ ፊት፣ የዓይን ቆብና አንገት ብቻ የሚቆጣበት ዓይነት አለ። በአየር የሚመጣ ነገር ሲነካን ልብስ ያልሸፈነው ቦታ ቀድሞ ይታመማል። ቅንጭ አረም ከዚህ አንዱ ነው። ከውጭ የገባው ይህ አረም እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ድሬዳዋና ወሎ አካባቢ ታይቶ በየመንገዱ ዳር ተዛምቷል፤ አበባው ትንንሽና ነጭ ነው፤ በእጅ መንቀል ለብዙ ሰው የቆዳ መቆጣት ያመጣል። ግቢያችሁ ውስጥ ካገኛችሁት ጓንት አድርጋችሁ፣ ከማበቡ በፊት ንቀሉት። ከገርጂ እስከ ቦሌ አራብሳ ባለው ሠፈራችን ደግሞ ግንባታ አያልቅም፤ ክረምት ጭቃ የነበረው መንገድ በጥቅምት አቧራ ይሆናል። አቧራውን ማስቆም አንችልም። ቤት ውስጥ ግን በደረቅ መጥረጊያ ከማቦነን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል፣ ልጁ በሚተኛበት ክፍልም እጣንና ሰንደል አለማጨስ በእጃችን ነው።

ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ ነው፤ ውሃና ቅባት።

በኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ውሃው የመጣ ቀን ልጁን ለሳምንቱ ሙሉ ለማካካስ በሙቅ ውሃ፣ በሳሙናና በስፖንጅ እስኪያንጸባርቅ የምታሹት አላችሁ። ከፍቅር መሆኑን አልጠራጠርም፤ ግን የቀረውን ቅባት ሙልጭ አድርጎ የሚያወጣው ይኸው ነው። ለብ ያለ ውሃ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ሽታ የሌለው ሳሙና ብብት፣ ብሽሽትና እግር ላይ ብቻ፤ ይበቃል። ማሸት የለም። ውሃ በሌለ ቀን ከጀሪካን በጆግ ቀድታችሁ ብታፈሱለትም ያው ነው፤ ቁም ነገሩ ከታጠበ በኋላ ባሉት 3 ደቂቃዎች ውስጥ ነው። በፎጣ ሳታሹት ነካ ነካ አድርጉና ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ቅባቱን ደርቡበት። ውሃውን ውስጥ የሚያስቀረው ይህ ነው።

የትኛውን ቅባት? ሽታና ቀለም የሌለው ተራ ቫዝሊን። በቦሌ ሱቆች በሚያማምሩ ጠርሙሶች ከሚሸጡት ሽቶ ካላቸው ሎሽኖች ይበልጥ እሱን አምነዋለሁ፤ ዋጋውም ለሁሉ ይቀርባል። ግሊሰሪን የምትወዱ ብቻውን አትቀቡት፤ በደረቅ አየር ከራሱ ከቆዳው ውሃ ሊስብ ይችላል። በውሃ አቅጥናችሁ እርጥብ ቆዳ ላይ፣ ከላዩ ደግሞ ቫዝሊን። መጠኑም ብዙ ነው። ሙሉ ሰውነቱ ለደረቀ ትንሽ ልጅ በሳምንት ከ125 እስከ 250 ግራም ያስፈልጋል። አንዲት ትንሽ ዕቃ ቫዝሊን ወር ሙሉ ከቆየች ልጁ አልተቀባም ማለት ነው። ጠዋትና ማታ፣ ባያክም፣ ቢያምርበትም።

ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ወፍራም ብርድ ልብስ ይወጣል። ሱፍም ሆነ ሰው ሠራሽ ክር ቆዳውን ይቆረቁረዋል፤ ሙቀቱም ማሳከኩን ይቀሰቅሰዋል። ጋቢያችን ጥጥ ነው፤ ገላውን የሚነካው ጋቢው ይሁን፣ ብርድ ልብሱ ከላይ ይደረብ። የትምህርት ቤት ሹራብም ከሥሩ የጥጥ ካናቴራ ይኑረው። ጥፍሩን በየሳምንቱ ቁረጡለት።

ወደ መድኃኒቱ ስንመጣ ሁለት ተቃራኒዎች፣ ፍርሃትና ድፍረት፣ አብረው ይኖራሉ። ሐኪም ያዘዘውን የስቴሮይድ ቅባት «ቆዳ ያሳሳል» ብሎ እንደ ጨው ነስንሶ በሁለተኛው ቀን የሚተው ወላጅ አለ። ፋርማሲ ገብቶ «ለማሳከክ» ብሎ ብርቱውን ቱቦ ገዝቶ የሕፃን ጉንጭ ላይ ለወራት የሚቀባም አለ። ሁለቱም ልጁን ይጎዳሉ። ስቴሮይድ ደረጃ አለው። ሃይድሮኮርቲዞን ደካማው ነው፤ ለፊትና ለሕፃናት ብዙ ጊዜ እሱ ይታዘዛል። ቤታሜታዞን ብርቱ ነው። ክሎቤታሶል ከሁሉ የበረታ ነው፤ እሱን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የልጅ ፊት ላይ መቀባት ቆዳውን ያሳሳል፣ የደም ሥሩን ያወጣል፣ ብጉር ያፈላል፤ በዓይን አካባቢ ለረጅም ጊዜ ከዋለ የዓይን ግፊት ሊያስከትል ይችላል። ፊት ለማቅላት የሚሸጡ ክሬሞች ውስጥም ይህንኑ መድኃኒት ደብቀው የሚከቱ አሉ።

በትክክል ሲቀባ ግን ስቴሮይድ ወዳጅ ነው። መለኪያው በጣታችሁ ላይ አለ። ከቱቦው አውጥታችሁ ከጠቋሚ ጣታችሁ ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ዘርጉት፤ ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ የሁለት አዋቂ መዳፍ ስፋት ላለው ቦታ ይበቃል። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ሻካራነቱ እስኪለሰልስ ድረስ፣ ሐኪሙ እስካለው ቀን። ማሳከኩ ሲቆም ሳይሆን ቆዳው ሲለሰልስ ነው የሚቆመው። በየዓመቱ ኅዳር ላይ የሚነሳበት ልጅ ካላችሁ ደግሞ ሐኪማችሁን ይህን ጠይቁ፤ ቆዳው ከዳነ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ያንኑ ቅባት በተለመዱት ቦታዎች እየቀቡ መቆየት ተመልሶ መቆጣቱን እንደሚቀንስ በጥናት የታወቀ ነው። ለዓይን ቆብና ለፊት ቆዳ የማያሳሳው ታክሮሊመስም አለ።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን የተደባለቀው ቱቦ ነው፤ ስቴሮይድ፣ የፈንገስ መድኃኒትና አንቲባዮቲክ በአንድ ላይ። ምን እንደያዘን ሳናውቅ ለሁሉም ይሆናል ብለን እንቀባዋለን። ጭርት ከሆነ ስቴሮይዱ ማሳከኩን ያስታግሳል፣ ፈንገሱ ግን ከሥር ይሰፋል፤ መልኩም ተለዋውጦ ሐኪም እንኳ ለመለየት ይቸገራል። እከክ ከሆነ ደግሞ ምንም አይፈታም። ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ሌሊት ሌሊት የሚያክ ከሆነ፣ በጣት መሐልና በእጅ አንጓ ላይ ሽፍታ ካለ፣ መጀመሪያ እከክን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2015ቱ የኤልኒኞ ድርቅ ማግሥት በአማራ ክልል ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመርምሮ ሲሶ የሚሆነው እከክ እንደተገኘበት አንርሳ። እከክ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን ካልታከመ ይመላለሳል።

የቤት መድኃኒት አያቶቻችን ያቆዩልን ሀብት ነው፤ ቡና ላይ ጤና አዳም ሲጨመር እኔም እወዳለሁ። ቆዳ ላይ ግን አትሹት። ጤና አዳምም ሎሚም ቆዳ ላይ ውለው ፀሐይ ሲያገኛቸው የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አላቸው፤ ልጁ ችፌው ሳያንስ ቃጠሎ ይጨመርበታል። የሕፃን ገላ በቅቤ ማሸትንም በተሰነጠቀ ቆዳ ላይ አልመክርም፤ ምግብ በቆሰለ ቆዳ ሲገባ ሰውነት ያንን ምግብ እንደ ጠላት ሊቆጥረው ይችላል። ጠበል የምታስጠምቁ ደግሞ አታቋርጡ። ውሃውን ማበስ ካልፈለጋችሁ አታብሱት፤ እርጥቡ ቆዳ ላይ ወዲያው ቅባቱን ደርቡ፣ መድኃኒቱንም አትተዉ። እምነቱን ግንባሩ ላይ ቀቡት እንጂ የተላጠ ቁስል ላይ አታድርጉት።

ምግብ ላይ አጭር ቃል ብቻ። ችፌ ስላለበት እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ሽሮ ሁሉ ተከልክሎ የከሳ ልጅ ወደ ክሊኒክ ሲመጣ ማየት ያሳዝናል። አንድ ምግብ በበላ በደቂቃዎች ውስጥ ከንፈሩ የሚያብጥ፣ ሰውነቱ የሚያብጥ ወይም የሚያስመልሰው ከሆነ ለሐኪም ንገሩ። ያለዚያ ልጁን መግቡት።

አሁን ስለ ምች ልናገር፤ ከዛሬው ሁሉ ይህችን እንድትይዙ እፈልጋለሁ። ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው፣ እኛ ምች የምንለው ቁስል፣ ኸርፐስ በተባለ ቫይረስ የሚመጣ ነው። ለጤነኛ ሰው ቀላል ነው። ችፌ ያለበት ሕፃን ቆዳ ላይ ሲያርፍ ግን በየስንጥቁ ገብቶ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ፊቱን፣ አንገቱን፣ ደረቱን ሊሸፍነው፣ ወደ ዓይኑም ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በዓል ነው፣ ዘመድ ይመጣል፣ ልጅ ይሳማል፤ ምች የወጣበት ሰው፣ አያትም ብትሆን፣ ችፌ ያለበትን ልጅ እንዳይስም በአክብሮት ንገሩ። ልጁ ላይ ተመሳሳይ መጠን ያላቸው፣ ከማሳከክ ይልቅ የሚያሙ፣ መሐላቸው የተቦረቦረ ትናንሽ ቁስሎች በቡድን ከወጡና ካተኮሰው ዳማከሴ እየጨመቃችሁ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል ውሰዱት። ቢጫ ቅርፊት የሚሠራ፣ የሚያዥና የሚሸት ቁስል ደግሞ ባክቴሪያ ገብቶበታል ማለት ነው፤ እሱም ሕክምና ይፈልጋል።

ለተራው ቁጣ በቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ መጀመሪያ ነው። ሐኪሙ ሃይድሮኮርቲዞን ሊያዝዝ፣ እከክንና ጭርትን ሊለይ ይችላል። በሁለት ሳምንት ካልተሻለው ሪፈር ጠይቁ። በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ዛሬ ከመላ አገሪቱ የቆዳ ሕመምተኞችን ይቀበላል። ከአያት አለርት እስካለበት ዘነበወርቅ ድረስ ከተማዋን አቋርጦ መሄድ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በማለዳ ተነሡ፣ ለልጁ ስንቅና የጥጥ ልብስ ያዙ። ከሁሉ በላይ እስካሁን የተቀባውን ሁሉ፣ ያለቀውንም ቱቦ፣ ከጎረቤት የተሰጠውንም፣ ስሙ የማይነበበውንም፣ በአንድ ፌስታል ሰብስባችሁ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አፍስሱት። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ከየትኛው ቱቦ መጀመር፣ የትኛውን ዛሬውኑ መጣል እንዳለበት የሚያውቀው ያንን ሲያይ ነው።